ጋሽ ክብሩ መልስ ሲጠብቁ

መጀመሪያ ያየሁት ጆሯቸውን ነው። ጋሽ ክብሩ ፊልም ሲተርኩ ፊታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ግራ ጆሯቸው ግን ወደ አግዳሚ ወንበሮቹ ይዞራል። ወንበሮቹ ባዶ ሲሆኑም ይዞራል።

ከወጣትነታቸው ጀምሮ መሃል ከተማ ባለው በዚሁ ቪዲዮ ቤት የውጭ ፊልም በአማርኛ ሲተርኩ ኖረዋል። ማይኩን ከያዙ ንጉሡም፣ ሌባውም፣ ፈረሱም እሳቸው ናቸው። አንድ ልማድ አላቸው። ጀግናው ተመትቶ ሲወድቅ ፊልሙን በሪሞት ያቆሙና ዝም ይላሉ። ያኔ ተመልካቹ በአንድ ድምፅ «ተነስ!» ይላል። ካልተጮኸ ጀግናው መሬት ላይ ይቀራል! ይህን ስሰማ ማመን አቃተኝ።

አሁን ሰው ፊልሙን በስልኩ ያያል። የቤቱ ባለቤት አብዱልፈታህ ቦታውን ፕሌይስቴሽን ቤት ሊያደርገው ቆርጧል። ሴት ልጁ፣ የእኔ ጓደኛ ፈትያ፣ ግን ለመነችው፤ ጋሽ ክብሩ አንዴ በስልክ ላይቭ ገብተው ይተርኩ፣ ሰው ካየው ቪዲዮ ቤቱ ይቀጥል። እሺ አለ። ካልሆነ ሰኞ ወንበሮቹ ይወጣሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፈትያ ስልኩን ጋሽ ክብሩ ፊት አቆመችው። እኔንና አባቷን ትንፍሽ እንዳንል አስጠነቀቀችን።

«አንቺ፣ ይሄ የማን ፊት ነው?» አሉ ጋሽ ክብሩ ስልኩ ላይ አፍጥጠው።

«የራስዎ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ይሄ ሽማግሌ? አባትሽ መስሎኝ!»

«እኔን ብትመስልማ ሰው ይበዛልህ ነበር» አለ አብዱልፈታህ።

ተጀመረ። የተመልካቹ ቁጥር ስልኩ ጥግ ላይ ወጣ፣ ወጣ። ፈትያ ከንፈሯን ነክሳ ፈገግ አለች። ከዚያ ጀግናው ወደቀ። ጋሽ ክብሩ ፊልሙን አቆሙ። ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዞሩ።

«ተነስ» የሚል አልተሰማም።

ሰው ሲጠጋቸው ከሐይቅ ዳር እንደሚነሱ ወፎች ተመልካቹ መበተን፣ ቁጥሩም መውረድ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ይናገሩ እንጂ!» አለች ፈትያ በሹክሹክታ። «ኔትወርክ የጠፋ መስሏቸው እየወጡ ነው።»

ጣታቸውን አንስተው ቆይ አሏት። አብዱልፈታህ ከወንበሩ ተነሳ። እኔ «ተነስ» ልል አፌን ስከፍት ፈትያ በዓይኗ አስቆመችኝ። የጋሽ ክብሩ አውራ ጣት ሪሞቱ ላይ ነው። ግን አይጫኑም።

ድንገት ስልኩ ላይ አንድ ኮሜንት ብቅ አለ፤ «ተነስ»። ቀጥሎ ሌላ፤ «ከዲላ ነኝ፣ ተነስ!» ቀጥሎ፤ «ጋሽ ክብሩ ናቸው እንዴ? ተነስ በሉት!» ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። ለካ ሰዉ ሲጽፍ ነበር። ጩኸት ወዲያው ይደርሳል፣ ፊደል ግን በመንገድ ይቆያል።

«ተነስ እያሉ ነው!» አለች ፈትያ፣ ስልኩን እያሳየቻቸው።

ሪሞቱን ተጫኑ። ጀግናው ተነሳ።

ፊልሙ ሲያልቅ አብዱልፈታህ አጨበጨበ። «አበጀህ! እንግዲህ ቤትህ ቁጭ ብለህ ትተርካለህ። ወንበር ምን ያደርግልሃል?»

«አባ!» ጮኸች ፈትያ። «ሰው ካየው ይቀጥላል ብለህ የለ?»

«ወንበሩ የሚሞላ መስሎኝ ነዋ! ሰዉ የታለ? እስቲ አሳዪኝ።»

ጋሽ ክብሩ አልተከራከሩም። ማይኩን አግዳሚው ላይ አስቀመጡና ወደ ፈትያ ዞሩ።

«ሲጮኹ ድምፃቸው አይሰማም አይደል?»

«አይሰማም ጋሼ። ይጽፋሉ እንጂ።»

«የኔ ዓይን ያንን አያነብም። ቤት እየመጣሽ ታነቢልኛለሽ?»

«እመጣለሁ።»

አብሬያቸው እስከ አስፋልቱ ወጣሁ። ባጃጅ ልጥራልዎ ስላቸው በእግሬ ይሻለኛል አሉና መንገድ ጀመሩ። ማዶ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጓደኛውን ጮክ ብሎ ተጣራ። ጋሽ ክብሩ ቆሙ፤ ግራ ጆሯቸውን አዞሩ። የተጣራው እሳቸውን አልነበረም። ጥቂት ጠበቁና ወደ ቤታቸው አቀኑ።