የንስሐ አባቴን ተጠሪ ያደረግሁበት ብድር

ጥርሴ አልቋል፤ ምኞቴ ግን አላለቀም። ጡረታ ወጥቼ ዲላ ቤቴ ቁጭ ባልኩበት፣ ስልኬ በሰከንድ ብድር እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ባለቤቴን ሳጭ ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ደጋግመው የመለሱብኝ ሰው፣ እንዲህ ቶሎ የሚያምነኝ ሳገኝ ልቤ ቀለጠ።

ሐሳቤ የነጋዴ ነበር፤ ኪሴ ግን የጡረተኛ። ከወርቃ ገበያ አንድ ጆንያ ጀንፈል ቡና ገዝቼ፣ ዋጋው ሲወደድ ልሸጥ። በብድሩ ገዛሁት፤ ለባለቤቴ «የዘመድ አደራ ነው» አልኳትና አልጋ ስር ከተትኩት።

ብድሩን ስወስድ ስልኩ፣ ብጠፋ የሚደወልለት ተጠሪ ጠይቆኝ ነበር። ወንድሜን ብጽፍ ለባለቤቴ ይነግራል። የዕድሩን ዳኛ ብጽፍ ለከተማው ይነግራል። ምስጢር የሚጠብቅ ማን አለ? የንስሐ አባቴ! በብልሃቴ ተደስቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

የመክፈያው ቀን ደረሰ፤ ቡናው ግን አልተወደደም። እኔም «ትንሽ ልጠብቅ» እያልኩ ስልክ ማንሳት ተውኩ።

አንድ ጠዋት የንስሐ አባቴ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ግን እሳቸው ናቸው «ልጄ» የሚሉኝ። ባለቤቴ ደነገጠች።

«ምነው አባ፣ በደህና? ታሞ ደብቆኝ ነው?»

እውነት ለመናገር፣ ደረቴን ይዤ ላቃስት አስቤ ነበር።

«ጤነኛ ነው» አሉ አባ። «አንዲት ልጅ ደውላ ‹ተበዳሪያችንን ያውቋቸዋል?› አለችኝ። ነፍሱን አውቃለሁ፣ ገንዘቡን ግን አላውቅም አልኳት።»

«አባ! ምስጢር አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«ልጄ፣ በንስሐ የነገርከኝን እጠብቃለሁ። ይሄን የነገረችኝ ልጅቷ ናት።»

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ የአልጋውን ልብስ ገለጠች።

«አንተ ሰውዬ! በዘመድ አደራ ስም በዕዳ ላይ ነው ስተኛ የከረምኩት?»

«ሊወደድ ነው እኮ፤ አንድ ሳምንት ብቻ ታገሡኝ...»

«አባ፣ ቀኖናውን ይስጡት» አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

«ዛሬውኑ ሽጦ ይክፈል» አሉ አባ።

እሷ የጆንያውን አንድ ጆሮ ያዘች። አባ ጃንጥላቸውን አስቀምጠው ሌላውን ያዙ። እኔ ወገቤን ስለሚያመኝ በሩን ከፈትኩላቸው።

የተሸጠበት ዋጋ ዕዳውን ለጥቂት ሸፈነ። ጆንያው ወደ ገበያ የሄደበትን የባጃጅ ሂሳብ ባለቤቴ ከፈለች፤ እስካሁንም ለእኔ የማበደር ፍላጎት የላትም።