ጽዋውን የመለሰው ደሜ

ባለፈው እሁድ የሚካኤል ማኅበራችን እኛ ቤት ነበር... በጋይንት ምድር የዚያን ቀን እንደ እኔ የኮራ ሰው አልነበረም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ንፋስ መውጫ ገበያ ወጥቼ ደም ሰጥቼ ነበር። መርፌው ሲገባ ፊቴን እንኳ አላዞርኩም። አብሮኝ የሄደው ጎረቤቴ ግን ገና ወረፋ ላይ ሳለ አላበው። የሰጪዎቹን ደም እየመረመሩ ኮሮና እስከ የት እንደደረሰ እንደሚያጠኑ ነግረውናል።

ቅዳሜ ደሜን የቀዳችው ሲስተር ደወለችልኝ። በደምህ ውስጥ የኮሮና ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቷል አለችኝ። በሰው አማርኛ ንገሪኝ ስላት ሳቀችና፣ በሽታውን የሚዋጋ ጦር እንደማለት ነው አለች። ሌላም ልታስረዳኝ ጀምራ ነበር... እኔ ግን ጦር አለህ ከተባልኩ በኋላ ስልክ ላይ የሚቆም ጆሮ ከየት ላምጣ።

በማታ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩት ገና በቅርቡ አይደል፣ ቃሉን በትልልቁ ጽፌ በር ላይ ለጠፍኩት። ሚስቴ «በማኅበር ቀን ፀረ እንግዳ?» ብላ ቀደደችው።

በሽታው ከመጣ ወዲህ በማኅበራችን ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ቀርቶ ሁሉም የየራሱን ጣሳ ይዞ ነው የሚመጣው። ሽማግሌዎቹ ይህ ነገር አንጀታቸውን ይበላቸዋል። እኔ የደሜን ነገር ሳወራ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ሞላ ጣሳቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«እንግዲያማ እሱ ይቅመስልን። ጦር ያለው ሰው አስቀድሞ ከቀመሰው ምን ይመጣል?»

ሁሉም ደስ አለው። ጽዋው በጠላ ተሞልቶ መጣ።

እኔ ተጎንጭቼ ለአያ ሞላ አቀበልኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ ብርድ መትቷቸው እንደሚያስሉ ያወሩን እየሳቁ ነው። ጠጡና ለእናቴ ሰጧት። እናቴ ደረቷ ደካማ ነው፤ ብርድ ሲነካት ትንፋሿ እንደ ወናፍ ይጮኻል።

ይሄኔ አብረውን የተቀመጡት የነፍስ አባታችን ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ጦር የሚከተው ጠላት ሲመጣ ነው። ያንተ ማን መጥቶበት ነው የከተተው?»

እኔ እኮ ኮሮና የጋይንትን ብርድ አይችልም ስል የከረምኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰኝም። ለካ እዚሁ ቤት ገብቶ፣ ከእኔ ጋር በልቶ ጠጥቶ ወጥቷል።

ከዚያስ ወዴት ሄደ?

ዓይን ሁሉ ወደ መደቡ ዳር ሄደ... ዘንድሮ የሞቱት ሁለቱ አባሎቻችን ይቀመጡበት ወደነበረው ቦታ። አንዱን ምች፣ ሌላውን እርጅና ነው ብለን ነው የቀበርናቸው። አያ ሞላ ሳል መጣባቸው መሰለኝ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ።

እናቴ ጽዋውን ከከንፈሯ አወረደች። ወደ ውስጥ አየችው... ጎድሏል።

«ከጠጣሁ በኋላ ነው የሚጠይቁት፣ አባ?» አለች።

አባ ጽዋውን ከእጇ ተቀብለው መሬት አስቀመጡት።

እናቴ እስካሁን ደህና ናት። ጉሮሮዋን በጠረገች ቁጥር ግን የቤቱ ሰው ሁሉ እህሉን አፉ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል።