የቁስቋሟ መልክ ሠዓሊ

ይመኙሽ ቀለም ስትፈጭ ነው ያደገችው። አባቷ መሪጌታ ክንዱ ጎንደር ቁስቋም ሰፈር የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ሥዕሉን እቤታቸው አቡጀዴ ላይ ይሥሉና ሲያልቅ ጠቅልለው፣ በበቅሎ አስጭነው ወደታዘዘበት ደብር ይወስዱታል፤ እዚያ ግድግዳው ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ሙጫውን የምታፈላውም ጨርቁን የምትወጥረውም እሷ ነበረች። ጣሊያን ሳይወጣ የመሪጌታ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ የቅዱሳኑን ልብስ እጥፋት፣ ቀጥሎ እጆቻቸውን፣ በመጨረሻም ፊታቸውን ራሱን ይመኙሽ ትሥል ጀመር። ሰው ሁሉ የመሪጌታ ሥራ ይመስለው ነበር። እሳቸውም እሷም ምስጢሩን ለማንም አላወጡም።

ጎንደር ነፃ በወጣች በዓመቱ መሪጌታ ሞቱ። ከባሏ ቀደም ሲል ተፋታ ነበርና ይመኙሽ ብቻዋን ቀረች። አባቷ የጀመሩትን ልጨርስ ብላ ያዘዛቸውን የገጠር ደብር ብትጠይቅ፣ የሴት እጅ የሣለውን ሕዝቡ አይቀበለውም ብለው በትሕትና መለሷት። አልተከራከረችም። ብሩሾቹን ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተችና ጥጥ እየፈተለች መኖር ያዘች።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ከዳባት በኩል የመጡት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። የሚፈልጉት መሪጌታን ነበር። ማረፋቸውን ሲሰሙ ደጁ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው አላምረው ከአርበኞች ጋር ወደ ሳንጃ ቆላ ወርዶ እዚያው ቀርቷል። ሬሳው አልተገኘም። ለቅሶ ላይ የሚወጣ ልብስ እንኳ አልተወም፤ ፎቶግራፍማ ከየት ይምጣ። አልቅሰው ሊሸኙት ቢፈልጉ ፊታቸው የሚያቆሙት ነገር አጡ፤ የመጡትም መልኩን ሊያሥሉ ነበር።

«እኔ ልሞክር» አለች ይመኙሽ፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው።

ሴትዮዋ መልኩን ነገሯት፤ እሷም ሣለች። አባቷ እንዳስተማሯት ዓይኖቹን ትልልቅ፣ አፉን የረጋ፣ አስተያየቱን ቀጥ ያለ አደረገችው። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሥዕሉን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ሸጋ ሥዕል ነው ልጄ» አሉ። «ግን ይኸ ሰማዕት ነው፤ አላምረው አይደለም። የኔ ልጅ ቁጡ ነበር። ሲቆጣ አንድ ቅንድቡ ይነሣል። የሄደውም እኔን ተቆጥቶ ነው።»

ይመኙሽ ያኔ ገባት። የቅዱሳንን ፊት እንጂ የሰው ፊት ሥላ አታውቅም ነበር። ቅዳሜ ወይዘሮ ሸዋአየሁን ይዛ ገበያ ወረደችና ከአንድ ግንብ ጥግ አብረው ተቀመጡ። ሴትዮዋ አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። የዚያ ጨው ሻጭ አገጭ፣ የዚህ ጎረምሳ ግንባር የእሱን ይመስላል ይላሉ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አንድ ወጣት በአህያ ዋጋ ተጣልቶ አንድ ቅንድቡን አንሥቶ ሲቆጣ አዩ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ የይመኙሽን ክንድ ጨምድደው ያዙ። ይመኙሽ ሰውየው አህያውን እየነዳ እስኪሄድ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ሁለተኛውን ሥዕል ስትገልጥላቸው ጣታቸውን ወደ ፊቱ ሰድደው ሳይነኩት መለሱት።

«ምነው አኩርፈህ ቀረህ?» አሉት። ከዚያ አለቀሱ።

በለቅሶው ቀን ሥዕሉ ከፍ ብሎ ተያዘ። አላምረውን የሚያውቁት ሲያዩት ለቅሶው ፈነዳ። ወሬው ከዳባት ደባርቅ፣ ከዚያም ወገራና አርማጭሆ ገባ። ጦርነቱ መቃብር የሌለው ሰው በየቤቱ ትቶ ነበር። ወንድም ስለ ወንድሙ፣ ሚስት ስለ ባሏ እየመጡ ይናገራሉ፤ ይመኙሽ ትሥላለች። አቡጀዴ የምትገዛው ከአዲስ ዓለም ሰፈሩ ነጋዴ ከአያ ቡሽራ ነበር። እሳቸው ከሱቃቸው ጎን ያለችውን ክፍል አከራዩዋት፤ ዕቃ ከአሥመራ ሲያስመጡም ቀለሟን አይረሱም። እንዲህ ሆና ከጥጡ ተላቀቀች።

ያን ጊዜ ነው ሐሜቱ የመጣው። በሰው ኀዘን ትነግዳለች አሏት። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሴቶች ሲንሾካሾኩ በጆሮዋ ሰማች። ቃሉ አጥንቷ ገባ፤ እውነት ይሆን እያለች ራሷን ጠየቀች። ሱቋን ዘጋችና ቤቷ ዋለች። አያ ቡሽራ መጥተው ቢለምኗትም እሺ አላለችም።

የተዘጋው ደጅ ላይ እናኑ የምትባል የአርማጭሆ ሴት ልጆቿን ይዛ ተቀመጠች። የለችም ቢሏትም አልሄደችም። አያ ቡሽራ ቁስቋም ድረስ ሰው ላኩ፤ ይመኙሽም ልመልሳት ብላ ወጣች።

«ባሌን አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለቻት እናኑ። «ለለቅሶ አይደለም የመጣሁት። እነዚህ አባታቸውን አያውቁትም። ሲያድጉ ማንን አስበው ይደጉ?»

ይመኙሽ ቁልፉን አውጥታ ከፈተችና ሴትዮዋን አስቀመጠቻት። ሰውየው ሲስቅ እንዴት እንደነበር፣ ሲዋሽ እንዴት እንደነበር ጠየቀቻት። እናኑ ሲዋሽ የሚሆነውን ስትናገር ሳታስበው ሳቀች፤ ልጆቹም እናታቸውን እያዩ ሳቁ። ይመኙሽ ያንን ሥዕል ስትሥል ማንም ምን እንደሚላት አላሰበችም። ሱቁም ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም።

ኋላ ጎንደር ፒያሳ ፎቶ አንሺ ሱቅ ሲከፍት፣ መልካቸውን ሊያሥሉ ወደ እሷ መምጣት የጀመሩት ሙሽራና ተማሪም ወደዚያ ሄዱ። እሷ ዘንድ የሚመጡት ፎቶ የሌላቸው ሙታን ዘመዶች ብቻ ሆኑ፤ ሥራው ቀነሰ እንጂ አልተቋረጠም። የእህቷን ልጅ አመተ ሥላሴን አጠገቧ አስቀምጣ አስተማረቻት። ዓይኗ ሲደክም ሱቁን ለእሷ ለቀቀችና ቁስቋም ገብታ ተቀመጠች። አንዳንድ ቅዳሜ ግን ገበያ ትወርዳለች፤ ምንም ሳትገዛ ሰው ስታይ ውላ ትመለሳለች።