በመገጭ ወንዝ በታንኳ ወደ ክርስትና

ከጎንደር እስከ ጣና ባለው ውሃ ውስጥ ስሜን የማያውቅ ዓሣ የለም። መንጠቆ ስጥል ተራ ይዘው ይመጣሉ፤ የሚጋፋ ቢገኝ ትልቁ ይቆጣዋል። ይህን ወሬ ለወዳጄ ለመምህር ታከለ ለዓመታት ስነግረው ኖሬአለሁ። ለአንባቢ ግን እውነቱን ልናገር፤ እኔ የማውቀው ዓሣ አያ ፈንቴ ከጣና ዳር አጥበው፣ በጨው አሽተው፣ በቅጠል ጠቅልለው ጎንደር ቤቴ ድረስ የሚያመጡልኝን ብቻ ነው።

አያ ፈንቴ የሐይቅ ዳር ሰው ናቸው፤ ያርሳሉም፣ ዓሣም ያጠምዳሉ። አምስት ሴቶች ልጆች ወልደው፣ ጠጉራቸው ከሸበተ በኋላ ዘንድሮ ወንድ ልጅ መጣላቸው። አንድ ቀን ዓሣውን አቀበሉኝና በሬ ላይ እንደቆሙ፣ «ልጄን ክርስትና አንሱልኝ፤ አበልጅ እንሁን» አሉኝ። መሥሪያ ቤቴ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያልሰጠኝን ሹመት እኒህ ሰው ባንድ አፍ ሰጡኝ። የልጁ አርባኛ ቀን እሑድ ላይ ይውላል። አርባ ቀን ደግሞ አይገፋም፤ የደረሰ ይደርሳል፣ የቀረ ይቀራል።

«እንግዲያው በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ በማኪና አልመጣም» አልኳቸው። «በመገጭ ወንዝ ተንሳፍፌ፣ መንገድ ላይ እያጠመድኩ፣ አንድ ሌሊት ዳር ላይ አድሬ ነው የምገባ።»

የቀለድኩ መስሎኝ ነበር። አያ ፈንቴ ግን አበልጅ የተናገረውን ቀልድ ብለው የሚያልፉ ሰው አይደሉም፤ «እንግዲያስ ቅዳሜ አዘዞ ድልድይ ሥር እጠብቅዎታለሁ» ብለውኝ ሄዱ።

ሦስት ምሽት ሙሉ እኔና ታከለ ዕቅድ አወጣን። እሱ ወንዙን በተማሪ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሳለው፤ ሚስቴ ሳታውቅ ግማሹን አብሳው የቀረችው ግማሽ መገጭ ናት መሪያችን የነበረች። እኔ የስንቁን ዝርዝር ጻፍኩ፦ መንጠቆ፣ ጨው፣ በርበሬ፣ ሁለት ጋቢ፣ ፋኖስ፣ ፍራሽ።

«ፍራሽ?» አለ ታከለ።

«አንተ መሬት ላይ ተኛ። እኔ የክርስትና አባት ነኝ።»

ቅዳሜ፣ ንጋት

ጎንደር ገና ጋቢዋን አልገለጠችም። የግንቦቹ ጫፍ ብቻ ከጉም በላይ ይታያል። ቁስቋም አልፏል፣ የነቢያት ጾም አልገባም፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጣሊያን ትቶት በሄደ፣ አንድ በሩ በገመድ በታሰረ ማኪና ወደ አዘዞ ወረድን። ሾፌሩ ስሙኒ ስሙኒ ተቀበለንና ፍራሹን አየው።

«ይኸኛው መንገደኛ አይከፍልም?»

«አራስ ጠያቂ ነው» አልኩት።

«አራስ ጠያቂ ተጠቅልሎ አይሄድም ጌታው፤ አምጡ» አለ፤ ተቀበለም።

አዘዞ፣ ከድልድዩ በታች

አያ ፈንቴ ቆመው ይጠብቁናል። ታንኳቸውን ከጎርጎራ እህል ጭኖ በሚመጣ ማኪና አናት ላይ አሳስረው አምጥተውታል! ከውሃ ዳር ሣር፣ ከደረቅ ደንገል የተሠራ ነውና ሁለት ሰው ይሸከመዋል። አፉ ወደ ላይ ቀና ብሏል፣ ጅራቱ ቅርጥ ያለ፤ አንድ ሚስማር የለበትም። በገመድና በጉልበት ብቻ የታሰረውን ይህን ነገር ሳይ፣ የመሥሪያ ቤቴ ወንበር ሃያ ሚስማር ተመትቶበት የሚወላገደው ትዝ አለኝና አፈርኩ።

«አያ ፈንቴ፣ ለእኔ ብለው ይህን ሁሉ?»

«ምነው? አበልጅ በወንዝ እመጣለሁ ብሎ በምን ይምጣ?»

አቀማመጣችንን ደነገጉ። እኔ መኻል፣ ታከለ ከኋላ፣ እሳቸው ፊት ረጅም ሸምበቆ ይዘው። «ታንኳ ላይ የሚቆም የለም፤ የሚስቅም ቀስ ብሎ ይሳቅ።» ፍራሹ ከሥሬ ነው። ገና ከመነሳታችን ውሃ ጠጥቶ እንደ እርጉዝ ላም ከበደ።

ደንቢያ ሜዳ፣ ከቀትር በኋላ

ማጋነን ልማዴ ነው፤ ስለ ደንቢያ ግን ባጋንንም አልደርስበትም። ወንዙ ከጥቁር አፈር ጓል መኻል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ሜዳው በሙሉ ባንድነት ይሰግዳል። ሾላ ዛፎች እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረዋል። አንገታቸው የረዘመ ነጫጭ ወፎች ባንድ እግራቸው ቆመው እንደ ዳኛ ያዩናል። አያ ፈንቴ በሸምበቆው ጫፍ ብቻ ነካ ሲያደርጉ ታንኳው ድንጋዩን ያልፋል፣ ይታጠፋል፣ ይታዘዛል። ድምፅ የለውም።

ውሃው በሳሳ ቁጥር ወርደን ጎተትን። አርባ ጊዜ ወርደናል። ታከለ ሰባት ነው ይላል፤ አስተማሪ ስለሆነ መቁጠር ይወዳል።

ከማማ ላይ ሆኖ ወፍ የሚጠብቅ ገበሬ ወንጭፉን ይዞ ጮኸብን፦ «እናንተ ሰዎች፣ ፍራሽ ልታጥቡ ነው?»

«አበልጄን ይዤ ነው የምወርድ!» አሉ አያ ፈንቴ ደረታቸውን ነፍተው።

«ሸጋ! ክብደቱን ያየ ይመርቅህ!»

አያ ፈንቴ በየማማው ሥር እንዲሁ እያሉ ነበር የወረዱ። ያን ቀን ከአዘዞ እስከ ሐይቁ የልጁ ክርስትና አባት እኔ መሆኔን ያልሰማ ወፍ ጠባቂ የለም።

የማደሪያችን ሾላ፣ ምሽት

ልጁ ክርስትና ከሚነሳበት ቤተ ክርስቲያን የአንድ ሰዓት መንገድ ሲቀረን ሰፈርን። አያ ፈንቴ መጀመሪያ ያዩት የራሳቸውን ማደሪያ አይደለም፤ ታንኳውን አውጥተው ውሃው እንዲንጠፈጠፍ በጅራቱ አቁመው ከሾላው ግንድ አስደገፉት። ሌሊቱን ውሃ ላይ ካደረ ደንገሉ ጠጥቶ ይሰምጣል።

ከዚያ ማጥመድ ጀመርን። እኔ በመንጠቆዬ የታከለን ባርኔጣ ያዝኩ። እሱ ምንም አልያዘም፤ ስለዚህ በለጥኩት። አያ ፈንቴ ትል ሰክተው፣ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ አራት ነጭ ዓሣ አወጡ። ሦስቱን በፍም ጠብሰን በላን። ያን የመሰለ ምግብ በንጉሥ ግብር ላይ ይቀርባል ብሎ የሚምልልኝ ቢመጣ አላምነውም።

አራተኛው፣ ትልቁ፣ ተጠብሶ በቅጠል ተጠቀለለ። «ይኼ የአራሷ ነው» አሉ፤ ከቅርንጫፍ ላይም ሰቀሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «እንግዲህ አበልጄ፣ ከአሁን በኋላ ውሃም አይቀመስ። የበላ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ሕፃንም አያነሳ» አሉኝ።

«ይህን ለእኔ ይነግሩኛል?» አልኩ።

እሑድ፣ ዶሮ ሳይጮህ

ቀድሜ ነቃሁ። ጥቅሉ አጠገቤ ተሰቅሏል። ጨው በዝቶበት አራሷን ውሃ እንዳያስጠማት ብዬ ጫፉን ቀመስኩ። አንዱ ወገን ደህና ነው። የሌላውን ወገን ደግሞ ማወቅ ነበረብኝ። ነገሩን አጣርቼ ስጨርስ የቀረው አጥንት ነበር፤ በቅጠሉ መልሼ ጠቅልዬ ሰቀልኩት።

ታከለ ሲያነሳው ቀለለበት። ፈቶ አየና ጮኸ።

«አቆስጣ ነው!» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ያ ዓሣ ሌባ የውሃ አውሬ። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ጥጃ ያክላል፣ ጢሙ የፊታውራሪ ነው!»

አያ ፈንቴ አጥንቱን አዩ፣ ቅጠሉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሸጋ አቆስጣ ነው» አሉ። «አጥንቱን ጠቅልሎ መልሶ ይሰቅላል።» ታንኳውንም ወደ ውሃው ገፉት።

እሑድ፣ ደጀ ሰላም

ጣና ከነጉሙ ተዘርግቷል። ፀሐይ ከማዶ ብቅ ስትል ውሃው ባንዴ ብር ሆነ፤ ዓይኔ ሲያይ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። አምስቱ ሴቶች ልጆች ነጭ ለብሰው በተርታ ቆመዋል። እናትየዋ ልጁን ታቅፋለች። ጭብጥ የምታክል ፊት፣ የተኮሳተረች፤ አባቱን ቁርጥ። ዘመዱ ሁሉ «የጎንደሩ አበልጅ መጡ» እያለ እጅ ነሳኝ።

ቄሰ ገበዙ መጡና ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «አንተ ነህ የምታነሳው?»

«አዎን መምሬ።»

«አፍህ ንጹሕ ነው? እህል ውሃ አልቀመስህም?»

«ንጹሕ ነው» ብል ከአያ ፈንቴ በቀር የሚያውቅብኝ የለም፤ እሳቸውም አያጋልጡኝም። አፌ ለመዋሸት ከእኔ የቀደመ ነው፤ ተከፈተም። እናትየዋ ግን ልጁን ልትሰጠኝ እጆቿን ዘርግታ ነበር፤ እኔም እጄን ወደ ኋላ ሳብኩ።

«በልቻለሁ መምሬ።»

አያ ፈንቴ ፊታቸው ወረደ። ወዲያው ግን ቀና ብለው፣ «ታከለ ልጄ፣ አንተ አልቀመስህም?» አሉ። ታከለ አልቀመሰም ነበር። ልጁን ተቀብሎ ገባ። አበልጃቸው እሱ ሆነ፤ ዛሬም እሱ ነው።

እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቀረሁ። አያ ፈንቴ ከመግባታቸው በፊት ዞር ብለው ለቄሰ ገበዙ፣ «አይፍረዱባቸው መምሬ፣ የመንገድ ሰው ናቸው፤ ርቧቸው ነው» ሲሉ ሰማሁ።

አልራበኝም ነበር። የአራሷን ዓሣ ጠግቤ ሳለሁ ነው የበላሁት።