እናቴ ስፖርት ሠርታ አታውቅም ተባለ

«እማማ፣ ጉልበትዎን የሚያምዎት በወጣትነትዎ ስፖርት ስላልሠሩ ነው።»

ዛሬ ጧት እናቴን እንዲህ ያላት እዚሁ ባሕር ዳር የአንድ አዲስ ጂም አሠልጣኝ ነው። ጉልበቷን ያፍታታላታል ብዬ የወሰድኋት እኔው ነኝ። ደሜ ፈላ።

በደርግ ጊዜ እናቴ ፋብሪካ የምትመላለሰው በእግሯ ነበር። ለስድስት ልጆች ዳቦ አቡክታ የምትጋግረውም እሷው ነበረች።

ቀበሌው ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር የጧት ስፖርት አወጀ። የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ዱቄት አያገኝም።

አንድ ቅዳሜ ሊጡን እያሸች ሰዓቱ ደረሰባት። እስከ ክርኗ ሊጥ እንደሆነች ሮጠች፤ እኔም ተከትያት ሮጥሁ። (ሩጫው ስፖርት አልነበረም መሰለኝ።)

«እጅ ወደ ላይ» ሲባል እሷም አነሣች። ስፖርቱን የሚያሠራው ካድሬ እጇን አየና «ሂጂ፣ ታጥበሽ ነይ» አላት። ሐይቁ ላይ ታጥባ ስትመለስ ስሟ ተጠርቶ አልፏል። ያን ወር ዳቦ አልበላንም።

ዛሬ አሠልጣኙን ልናገረው አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«እውነትህን ነው ልጄ፣ ቀሪ ብለው ጽፈውኛል።»

እሷ ሳቀች። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

የእናንተስ እናት ምን ስትሠራ ነው «ቀሪ» የተባለችው?