አላሳርፍም ያልኩበት ቀን

የልምምድ አውሮፕላኗን የፊት ጎማ የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ቁልቁል በፍጥነት መጥቼ በአፍንጫዋ መሬት አስነካኋት። ነጠረች። ደንግጬ መሪውን ወደ ፊት ስገፋው ዳግመኛ ወደቀችና ጎማው ተገነጠለ። አስፋልቱን እየፋቀች ሄዳ ሳሩ ውስጥ ቆመች። እኔም አጠገቤ የነበረው አስተማሪዬም በእግራችን ወረድን።

ትምህርቱ ድሬዳዋ ነው፤ ቤታችን ሐረር። ዳገቱን ወጥቼ ሳልጨርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ፈረስ መጋላ ከታክሲ ስወርድ ከልጅነቴ የሚያውቁኝ ጨርቅ ሻጭ ከሱቃቸው ደጃፍ ጠሩኝ።

«ጠያራ ሰበርሽ አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባ።»

«አንቺስ?»

«ደህና ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! ብረት ይጠገናል።»

እቤት ግን ለቅሶ ቤት መስሏል። እናቴ እጄንና እግሬን ደባበሰች፣ ከዚያ ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። አጎቴ ነው የተናገረው።

«ከሰማይ ጋር ምን አጣላሽ? እንደ እኩዮችሽ ቢሮ ገብተሽ አርፈሽ አትቀመጪም?»

«ማረፉን እኮ ነው የምማረው» አልኩት።

ማንም አልሳቀ። በማግስቱ ተመልሼ ወረድኩ።

ማረፉ ግን እሺ አላለኝም። አንዴ ንፋስ ወደ ጎን ወሰደኝ፣ ሌላ ጊዜ ከከፍታ ለቅቄያት ወገባችን እስኪንቀጠቀጥ ወደቅን። አስተማሪዬ በደግነት፣ «ምድር ላይ የሚሠራ ሥራም እኮ አለ» አለኝ። ደግነቱ ከስድብ ይልቅ አናደደኝ።

«ካፒቴን፣ ነዳጅ ካለን እንደገና እንውጣ።»

ወጣን። በሌላውም ቀን ወጣን።

የፈተናው ዕለት አጠገቤ የተቀመጡት ፈታኝ ሽማግሌ ናቸው፤ ሳል እንጂ ወሬ የላቸውም። ከተራራው በኩል የጎን ንፋስ ይመጣል። ወደ መንደርደሪያው ስቀርብ ከፍ ብያለሁ፣ ፈጥኛለሁም። ጎማ የሰበርኩት ልክ እንዲህ መጥቼ ነበር።

«ደርሰሻል፤ አሳርፊያት» አሉኝ።

«አላሳርፍም።»

የሞተሩን ጉልበት እስከ መጨረሻው ሰጥቼ ሽቅብ ወጣሁ። ፈተናውን ወደቅሽ ቢሉኝ ለእናቴ የምነግራትን ሁሉ እያሰብኩ ዞርኩ። በሁለተኛው ዝቅ ብዬ፣ ቀስ ብዬ መጣሁ። ትንሽ ነጠረች። መሪውን አልገፋሁም፤ ያዝኩት፣ ጠበቅኳት፣ ተቀመጠች።

ሞተሩ ሲጠፋ ዞር ብለው አዩኝ።

«አሳርፊ ስልሽ ለምን እንቢ አልሽ?»

«ዳግመኛ ጎማ ከመስበር እርስዎን ማስቀየም ይሻላል ብዬ ነው፣ ካፒቴን።»

ሳላቸውን ሳሉ። «መንጠሩን አስተካክዪ። አልፈሻል።»

ያን ቀን ማታ እናቴ እስኪበቃት ሳመችኝ። አጎቴ፣ «እንግዲህ ካለፍሽ ይበቃሻል፤ ወረቀቱን ይዘሽ ተቀመጪ» አለ። ነገ ጠዋት በረራ እንዳለኝ ነገርኩትና ዩኒፎርሜን ልተኩስ ተነሳሁ።