ስሜን ያወጣችው እናቴ ናት

ሁሉአገርሽ ብላ ስም ያወጣችልኝ እናቴ ናት። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ማስረዳት አልነበረብኝም። የአከራያችን ልጅ ግን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ እናቷ ለምስኪን ተከራይዋ አዝና ያወጣችው ስም ነው እያለች ታወራለች። ባለፈው ወር ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለው ኬክ ቤት እንደገና ጀመረችው። ሰፈራችን ፈርሶ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተንን ወዲህ የድሮ ጎረቤቶች የምንገናኘው እዚያ ነው።

እናቴ ከጉራጌ አገር መጥታ እሪ በከንቱ ሰፈር አንዲት ክፍል ስትከራይ እኔን አርግዛ ነበር። አከራይዋ ሆዷ ሲገፋ አየችና፣ ግቢው ውስጥ ልብስ በሚያጥቡት ሴቶች ፊት፣ «እዚሁ ወልደሽ ልትከትሚብን ነው? አገርሽ ገብተሽ ውለጂ» አለቻት። እናቴ ያጠበችውን ጨምቃ ገባች። በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ተነስቼ ስንመለስ አከራይዋ በሩ ላይ ቆማ፣ ማን አላችኋት ስትል ጠየቀች። እናቴ ስሜን ረጋ ብላ ነገረቻት። የዚያን ጊዜ ሴቶች ለባላንጣቸው የሚመልሱትን በልጅ ስም ያወጡት ነበር። ተሳደቡ አይባሉ፤ ባላንጣቸው ደግሞ መልሳቸውን ጠዋት ማታ ስትጠራው ትኖራለች።

አከራይዋ ግን አልጠራችውም። በአንድ ግቢ ሃያ ዓመት ስንኖር እኔ «የተከራይዋ ልጅ» ነበርኩ። ሱቅ ስትልከኝም፣ ስትቆጣኝም እንደዚያው ነው። በሠርጌ ቀን ስትመርቀኝ እንኳ «ይቺን ልጅ ይባርክልን» ብላ አለፈችው። እናቴ፣ ተያት፣ ገብቷታል ትለኝ ነበር። እናቴ በሕይወት እያለች ዝም ያልኩት ለእሷ ብዬ ነው። አሁን ግን የእሷ ቁጣ የሌላ ሰው ደግነት ተብሎ ሲወራ ቁጭ ብዬ ልሰማ?

ማኪያቶዬን አስቀምጬ፣ «እናትሽ ካወጣችልኝ፣ አንድ ቀን በስሜ ስትጠራኝ ሰምተሻል?» አልኳት።

ስኳሩን ታማስል ጀመር። ያኔ ግቢው ውስጥ ልብስ ከሚያጥቡት አንዷ የነበሩት አሮጊት ሳቁና፣ «እትዬማ? ከምትጠራው ምላሷ ቢቆረጥ ይሻላት ነበር» አሉ።

«እሺ፣ እናትሽ ናት» አለች የአከራያችን ልጅ ቀስ ብላ። «አሁን ይሄ ምን ይጠቅምሻል?»

«ይጠቅመኛል። ጥግ ያሉት አልሰሙሽም፤ ድገሚው።»

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው ዞሩ። ፊቷ ቀላ፣ ደገመችው። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።